ቁልፉ ማን ጋ ነው? ወደ ተሳሳተ አድራሻ ስለሚላክ ክሪፕቶ

ይህ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት አዲስ አበባ ላይ፣ ከውጭ ደንበኞች ጋር በኢንተርኔት ለሚሠሩ ወጣቶች ያደረግኩት ንግግር ነው። ብዙዎቻችሁ በጽሑፍ ላክልን ስላላችሁኝ፣ እንደተናገርኩት አድርጌ አስቀምጬዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜያችሁን ሰጥታችሁኝ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁና ልጀምር። በባንክ አፕ ለሰው ብር ስትልኩ፣ የሂሳብ ቁጥሩን ካስገባችሁ በኋላ ምን ይመጣል? ስም ይመጣል። የተቀባዩ ስም ከነአባቱ። ስሙን የማታውቁት ከሆነ እጃችሁ እዚያው ይቆማል። ያቺ አንዲት መስመር ስንቱን ሰው ከጥፋት እንዳዳነች ማንም ቆጥሮ አያውቅም።

ክሪፕቶ ላይ፣ ባንክ መሃል ሳይገባ በኢንተርኔት የሚላከው ዲጂታል ገንዘብ ላይ ማለቴ ነው፣ ያቺ መስመር የለችም። ያለው ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው። የማን እንደሆነ ኔትወርኩ አያውቅም፣ እንዲያውቅም ተደርጎ አልተሠራም። ላክ ካላችሁት ይልካል።

መጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ላይ የደረሰውን ታስታውሳላችሁ። በአንድ ሌሊት በሲስተም ችግር ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያለአግባብ ወጣ። ባንኩ "መልሱ" አለ። ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ አወጣ። አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ። ይህ የሆነው ገንዘቡ በማን ስም እንደሄደ የሚያውቅና "መልስ" ማለት የሚችል አካል ስለነበረ ነው። ብሎክቼን ላይ፣ ማለትም የክሪፕቶ ዝውውር ሁሉ በሚጻፍበት መዝገብ ላይ፣ እንዲህ የሚል አካል የለም። መዝገቡ በሺዎች በሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ላይ ነው የተቀመጠው። አንድ ጊዜ ከተጻፈ ሄዳችሁ የምታንኳኩት በር፣ የምታለቅሱለት ሥራ አስኪያጅ የለም።

ይህንን ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ቅር ይለኛል። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር እንደሆነና በክሪፕቶ መክፈልና መከፈል ሕገወጥ እንደሆነ በግልጽ አስጠንቅቋል። ቅድም ከውጭ ደንበኛ በዩኤስዲቲ፣ ዋጋው ከዶላር ጋር በተያያዘው ክሪፕቶ፣ የተከፈለው እጁን ያውጣ ስል ከግማሽ በላይ አወጣችሁ። ልፈርድባችሁ አይደለም የመጣሁት። ግን ገንዘቡ ሲጠፋ የምትቆሙበት መሬት ምን ያህል ስስ እንደሆነ እወቁ። ስለዚህ ጥንቃቄው ከሌላ አገር ሰው ይልቅ እናንተ ላይ ይከብዳል።

እሺ፣ ወደ ጉዳዩ።

ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያለችውን ሙዳየ ምጽዋት አስቡ። ማንም ሰው መጥቶ ሊያስገባባት ይችላል። የሚያወጣው ግን ቁልፉን የያዘ ብቻ ነው። የክሪፕቶ አድራሻም ይኸው ነው። አድራሻው ቀዳዳዋ ናት፣ ፕራይቬት ኪይ የምንለው ቁልፉ ነው። እናንተ "12ቱ ቃላት" የምትሉት ደግሞ ቁልፎቹ ሁሉ የሚወጡበት ምንጭ ነው። እንግዲህ ገንዘብ ወደ ተሳሳተ ቦታ ሲሄድ ሌላውን ሁሉ ተዉትና አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ። የዚያ አድራሻ ቁልፍ ማን ጋ ነው? እናንተ ጋ ከሆነ ገንዘቡ አለ። አንድ ድርጅት ጋ ከሆነ ተስፋ አለ። የማታውቁት ሰው ጋ ከሆነ የሱ ፈቃድ ነው። ማንም ጋ ካልሆነ አለቀ፣ ሄዷል። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከዚህ ጥያቄ አይወጣም።

ብዙ ሰው አንድ ፊደል ብሳሳትስ ብሎ ነው የሚፈራው። በእጅ ሲጽፍ አንዷን ቁጥር ቢያስቀር ገንዘቡ የሚጠፋ ይመስለዋል። የቢትኮይን አድራሻ ግን ውስጡ የራሱ ማረጋገጫ አለው። በ1 ወይም በ3 የሚጀምሩት የድሮ አድራሻዎች መጨረሻቸው ላይ ከራሳቸው የተሰላ መፈተሻ አላቸው፤ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ሂሳቡ አይገጥምም፣ ዋሌቱም፣ ማለትም ቁልፉን ይዞ የሚልክላችሁ አፕ፣ አይልክም። ስህተት ሆኖ የማለፍ ዕድሉ ከ4 ቢሊዮን አንድ ገደማ ነው። የሚያሳስቱ ምልክቶችን እንኳ አውጥተዋቸዋል። ዜሮ ቁጥርና ትልቁ ኦ አብረው እንዳይምታቱ ሁለቱም የሉበትም። ትሮን የተባለው ኔትወርክ አድራሻም እንደዚሁ መፈተሻ አለው።

ኢተሪየም በተባለው ኔትወርክ ላይ ትንሽ ይለያል። አድራሻው ዜሮ ኤክስ ብሎ 40 ምልክቶች ይከተላሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ትልልቅና ትንንሽ ፊደሎችን በመቀላቀል መፈተሻ የሚሆን ዘዴ ተጨመረለት። ስለዚህ ኢተሪየም አድራሻ ላይ ትልቅና ትንሽ ፊደል ተቀላቅሎ ስታዩ ለጌጥ አይደለም። ሁሉንም ትንሽ አድርጋችሁ ከጻፋችሁት ግን መፈተሻው የለም፤ የተሳሳተውም እንደ ትክክል ያልፋል። በእጅ አትጻፉ የምለው ለዚህ ነው።

ዋናው አደጋ ሌላ ነው። ትክክለኛ የሆነ፣ ሁሉን ፈተና ያለፈ፣ ግን የእናንተ ያልሆነ አድራሻ። ወይም የእናንተ የሆነ አድራሻ በተሳሳተ ኔትወርክ። እነዚህን ማሽኑ አይይዝላችሁም።

ከኔትወርኩ ልጀምር፣ ምክንያቱም እኔም የተቃጠልኩት በሱ ነው። ዩኤስዲቲ ሲሉት አንድ ገንዘብ ይመስላል። ግን ትሮን ላይ ያለው ዩኤስዲቲ፣ ኢተሪየም ላይ ያለውና ቢኤንቢ ስማርት ቼይን ላይ ያለው በሦስት የተለያዩ መዝገቦች ላይ ነው የተጻፉት። አንዱ መዝገብ ሌላውን አያየውም። የትሮን አድራሻ በእንግሊዝኛው ቲ ስለሚጀምር ከሌሎቹ ጋር አይምታታም፣ ዋሌቱ ራሱ እምቢ ይላችኋል። ችግሩ በዜሮ ኤክስ የሚጀምሩት ናቸው። ኢተሪየም፣ ቢኤንቢ ስማርት ቼይን፣ ፖሊጎን፣ አርቢትረም፣ ቤዝ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት አድራሻ ነው የሚጠቀሙት። ስለዚህ በማንኛቸውም ብትልኩ "ተሳካ" ይላችኋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ሥራ ክፍያ፣ 410 ዩኤስዲቲ፣ ከዋሌቴ ወደ አንድ ኤክስቼንጅ፣ ክሪፕቶ ወደሚገዛበትና ወደሚሸጥበት ድርጅት፣ ላክሁ። ኤክስቼንጁ የሰጠኝ አድራሻ የኢተሪየም ነበር። እኔ የመላኪያው ዋጋ ይርከስልኝ ብዬ በቢኤንቢ ስማርት ቼይን ላክሁት። ተሳካ አለኝ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ፣ የለም። ሌሊቱን ሙሉ ገጹን ሳድስ አደርኩ። የቤት ኪራይ ነበር። ለባለቤቴ ለሦስት ቀን አልነገርኳትም፣ እስካሁን የሚቆጨኝ ከገንዘቡ ይልቅ እሱ ነው። ገንዘቡ አልጠፋም ነበር። አድራሻው የኤክስቼንጁ ነው፣ ቁልፉ እነሱ ጋ ነው። ሌላኛው ኔትወርክ ላይ ሄደው በዚያው ቁልፍ ማውጣት ይችላሉ። ግን ኔትወርኩን ስለማይደግፉ አንድ ሰው በእጁ መሥራት አለበት። አምስት ሳምንት ፈጀ፣ የአገልግሎት ክፍያም ተቆረጠ። መጣ ግን።

ያው ስህተት ወደራሴ ዋሌት ብልክ ኖሮ ሥራው አምስት ደቂቃ ነበር። ዋሌቱ ላይ ያንን ኔትወርክ መጨመር ብቻ። ገንዘቡ እዚያ ተቀምጦ ይጠብቃል። ለማንቀሳቀስ የዚያ ኔትወርክ የራሱ ኮይን ጥቂት ያስፈልጋል፤ ቢኤንቢ ስማርት ቼይን ላይ ቢኤንቢ፣ ትሮን ላይ ቲአርኤክስ። ሰው "ጠፋብኝ" ብሎ ሲያለቅስ አብሬው ቁጭ ብዬ ኔትወርክ ጨምሬለት ገንዘቡን ያሳየሁት ቁጥሩን አላስታውሰውም። ከሁሉ በላይ ደስ የሚለኝ እሱ ነው።

ግን ተጠንቀቁ፣ "አድራሻው አንድ ነው" ማለት "ቁልፉም የኔ ነው" ማለት ሁልጊዜ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ኦፕቲሚዝም የተባለው ኔትወርክ ፋውንዴሽን፣ ዊንተርሚውት ለተባለ ትልቅ የገበያ ድርጅት 20 ሚሊዮን ኦፒ የተባለ ቶክን፣ ማለትም ኔትወርኩ ላይ የተፈጠረ ዲጂታል ገንዘብ፣ ላከ። ዊንተርሚውት የሰጠው አድራሻ ኢተሪየም ላይ ያለው የጋራ ዋሌቱ ነበር፤ ብዙ ሰው አብሮ የሚፈርምበት፣ በፕሮግራም የተሠራ። ኢተሪየም ላይ ተሠርቷል፣ ኦፕቲሚዝም ላይ ግን ገና አልተሠራም። ስለዚህ ቶክኑ ቁልፍ የሌለው ሣጥን ውስጥ ገባ። እነሱ ይህንን ለማስተካከል ሲዘጋጁ ሌላ ሰው ቀድሟቸው ያንኑ ዋሌት በዚያው አድራሻ ኦፕቲሚዝም ላይ ሠራውና ወሰደው። በኋላ 17 ሚሊዮኑን መለሰ።

ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች መጀመሪያ ትንሽ ልከው ሞክረው ነበር። ደረሰ ተባባሉ። የደረሰውን ማውጣት እንደሚቻል ግን ያየ አልነበረም። ስለዚህ መጀመሪያ በትንሹ ሞክሩ የሚለውን ምክር ስሰጣችሁ ግማሹን ብቻ እንዳትወስዱ። ተቀባዩ ደረሰኝ ይበል፣ የሚችል ከሆነም ያንን ትንሽ ገንዘብ አንድ ጊዜ ያንቀሳቅሰው።

ሜሞ ላይ ረጅም አልናገርም፣ ግን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከሁሉ በላይ ብዙ ሰው የነካው ይህ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2024 የቴሌግራም ጨዋታዎች የወጡበትን ጊዜ አስታውሱ፤ ኖትኮይን፣ ዶግስ፣ ሃምስተር። ስንት ልጅ ስልኩን ሲነካካ ከረመ። ኮይኑ ሲመጣ ሁሉም ወደ ኤክስቼንጅ ለመላክ ተሯሯጠ። እነዚህ ኮይኖች ባሉበት በቶን ኔትወርክ ላይ ኤክስቼንጁ ለሁሉም ደንበኛ አንድ አድራሻ ነው የሚሰጠው። የእናንተ መሆኑ የሚታወቀው ከአድራሻው ጋር በሚጻፈው መለያ፣ በሜሞው ነው። አፓርታማ ሕንፃ ነው ብላችሁ አስቡት፤ አድራሻው ሕንፃው፣ ሜሞው የቤት ቁጥሩ። ኤክስአርፒ ላይ ታግ ይሉታል፣ ስቴላር ላይም ሜሞ አለ። ሜሞ ካልጻፋችሁ ገንዘቡ ሕንፃው ውስጥ ገብቷል፣ የማን በር እንደሚንኳኳ ግን አይታወቅም። ቁልፉ ኤክስቼንጁ ጋ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። አንዳንዶቹ አፓቸው ላይ ራሳችሁ የምታመለክቱበት ቅጽ አላቸው። በደንብ የማስጠነቅቃችሁ፣ ከኤክስቼንጅ ወደ ራሳችሁ ዋሌት ስትልኩ ሜሞ አያስፈልግም፣ ወደ ኤክስቼንጅ ስትልኩ ግን ሜሞ የሚል ሳጥን ካለ ባዶውን አትለፉት።

አሁን የሚያናድደኝ ክፍል ላይ ደረስን። ይህ ስህተት አይደለም፣ ወጥመድ ነው።

እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 አንድ ሰው 1,155 ራፕድ ቢትኮይን፣ ኢተሪየም ላይ ቢትኮይንን የሚወክል ቶክን፣ ላከ። በዚያን ጊዜ ዋጋ 68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። የላከው ለሌባ ነበር። ይህም ሰው መጀመሪያ በትንሹ ሞክሯል፤ ትንሽ ኢተር ልኮ ትክክለኛው ቦታ ደርሶለታል። ምን ሆነ? ሙከራውን እንደላከ፣ አድፍጦ የሚጠብቅ ሌባ የዚያን አድራሻ መልክ የያዘ ሌላ አድራሻ አዘጋጀ። ዜሮ ኤክሱን ጨምሮ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ምልክቶች አንድ ዓይነት፣ የመጨረሻዎቹ ስድስትም አንድ ዓይነት። መሃሉ ብቻ ይለያል። ከዚያ አድራሻ ለሰውየው ዋጋ የሌለው ነገር ላከለት፣ የዋሌቱ ታሪክ ውስጥ እንዲቀመጥ። ሰውየው ዋናውን ገንዘብ ሊልክ ሲል ወደ ታሪኩ ገባ፣ የቅርቡን ኮፒ አደረገ፣ ላከ። አብቅቶ ነበር። በኋላ ለሌባው በዚያው ብሎክቼን ላይ መልእክት ጻፈለት፣ 10 በመቶውን ውሰድና የቀረውን መልስ ብሎ። ዓለም ሁሉ እያየው ስለነበር ሌባው አብዛኛውን መለሰ። እንደዚህ ያለ ዕድል ለ300 ዶላር አይመጣም፣ ተስፋ አታድርጉበት።

ይህ ነገር ሚሊየነሮች ላይ ብቻ የሚደርስ እንዳይመስላችሁ። ትሮን ላይ ዩኤስዲቲ የምትቀባበሉ ታሪካችሁን ክፈቱ። ከማታውቁት አድራሻ የመጣ ዜሮ ወይም ሳንቲም የማይሞላ ዩኤስዲቲ ካያችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ገንዘባችሁን አልነካም፣ አትደንግጡ። ወጥመድ ነው የተቀመጠው፣ እስካልረገጣችሁት ምንም አይሆንም። አትመልሱለት፣ ኮፒም አታድርጉት።

እጃችሁ ላይ ያለውን ስልክም አትመኑት። ኮፒ ያደረጋችሁትን አድራሻ ፔስት ስታደርጉ በራሱ የሚለውጥ ቫይረስ አለ፣ ክሊፐር ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2019 ኢሴት የተባለው የደኅንነት ድርጅት ሜታማስክ የተባለውን ታዋቂ ዋሌት ነኝ የሚል የውሸት አፕ ጉግል ፕሌይ ላይ አግኝቷል። ጉግል ፕሌይ ላይ ይህ ከገባ፣ ከቴሌግራም ቻናል "ይኸው ፕሪሚየሙ በነፃ" ተብሎ የሚወርድ ኤፒኬ፣ ማለትም በፋይል የሚጫን አፕ፣ ምን ሊይዝ እንደሚችል ራሳችሁ አስቡት። የገንዘብ ዋሌት ያለበት ስልክ ላይ ከየትም የመጣ ኤፒኬ አትጫኑ። ለምኛችሁ ነው።

እኔ ከዚህ ሁሉ በኋላ ምን አደርጋለሁ? አድራሻ ከታሪክ አልወስድም፣ በፍጹም። በየጊዜው ከተቀባዩ ወይም ከራሴ የአድራሻ መዝገብ እወስዳለሁ። ፔስት ካደረግሁ በኋላ መጀመሪያና መጨረሻውን ብቻ አላይም፣ መሃሉ ላይ ጣቴን አሳርፌ አራት ምልክቶች አነባለሁ፣ ምክንያቱም ሌባው የሚያመሳስለው ዳርና ዳሩን ነው። ለሰው ስልክ ደግሞ እደውላለሁ። "ወንድሜ፣ ከመሃሉ አንብብልኝ" እለዋለሁ። መጀመሪያ ሰው ግር ይለዋል፣ ሲለምደው ራሱ ይደውላል። ኤክስቼንጅ ላይ ደግሞ የተፈቀዱ አድራሻዎች ብቻ የሚል ማስተካከያ አለ፣ ያንን ካበራችሁ አዲስ አድራሻ ወዲያው መላኪያ መሆን አይችልም፣ በብዙ ቦታ አንድ ቀን ያስጠብቃል። ያ አንድ ቀን ያናድዳል። ተናደዱ፣ ግን አብሩት። ሌጀር ወይም ትሬዞር የሚባሉት ቁልፍ የሚይዙ ትንንሽ ዕቃዎች ያላችሁ ደግሞ አድራሻውን በዕቃው በራሱ ስክሪን ላይ አንብቡ፣ ኮምፒውተሩ ሊዋሽ ይችላል። የቆየ የኤክስቼንጅ አድራሻም ከማስታወሻ ላይ አውጥታችሁ አትላኩ፤ የሚቀይሩ አሉ፣ ገብታችሁ አዲሱን ውሰዱ።

ኮፒ ያደረጋችሁትም ነገር አድራሻ መሆኑን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2022 የጁኖ ብሎክቼን ማኅበረሰብ 36 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ቶክን ማንም ቁልፍ ወደሌለው ቦታ አዛወረ። ፕሮግራመሩ አድራሻ መለጠፍ ሲገባው የአንድ ትራንዛክሽን ሃሽ፣ የዝውውሩን መለያ ድርድር ማለት ነው፣ ለጥፎ ነበር። ኔትወርኩን የሚያስኬዱት ከመቶ በላይ ድርጅቶች ኮዱን አስገቡት፣ አንድም ያስተዋለ አልነበረም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ አባቶቻችን። እዚህ ግን ካፈሰሱት በኋላ ለመልቀም እንደገና የኔትወርኩን ድምፅ መጠየቅ አስፈለገ። እኔና እናንተ ያንን ማድረግ አንችልም።

እሺ፣ ተልኳል እንበል። ደንግጣችኋል። ምን ይደረግ?

መጀመሪያ ገና ያልጸደቀ መሆኑን እዩ። ቢትኮይን ላይ አንድ ብሎክ፣ ዝውውሮች ተሰብስበው መዝገቡ ላይ የሚገቡበት ገጽ፣ በአማካይ 10 ደቂቃ ይወስዳል። ክፍያው ዝቅተኛ ከነበረ ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ዋሌታችሁ የሚፈቅድ ከሆነ ያንኑ ገንዘብ ከፍ ባለ ክፍያ ወደ ራሳችሁ አድራሻ መልሳችሁ መላክ ትችላላችሁ፣ አዲሱ ቀድሞ ከገባ አሮጌው ይሰረዛል። ኢተሪየም ላይ ሜታማስክ ሰርዝ የሚል ቁልፍ አለው፣ ሥራው ይኸው ነው፣ ግን ብሎኩ በየ12 ሰከንዱ ስለሚወጣ ጊዜው ጠባብ ነው። ትሮን ላይ ሦስት ሰከንድ ነው። ሳትተነፍሱ አልፏል።

ከጸደቀ በኋላ የትራንዛክሽን ሃሹን ያዙና መዝገቡን በሚያሳዩት ድረ ገጾች፣ ትሮንስካን ወይም ኢተርስካን ላይ ክፈቱት። የት እንደሄደ ያሳያችኋል። ያኔ ጥያቄያችንን ጠይቁ።

አድራሻው የኤክስቼንጅ ከሆነ፣ ለደንበኛ አገልግሎቱ ሃሹን፣ መጠኑን፣ የኮይኑን ስም፣ ኔትወርኩን፣ ቀኑንና የራሳችሁን መለያ ቁጥር በአንድ መልእክት ጻፉ። አንድ ጊዜ። አሥር ቲኬት ብትከፍቱ ከመጀመሪያው ወረፋ ሊያወጣችሁ ይችላል። ክፍያ ይጠይቃሉ፤ አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን የሚጠቀሙበት ኮይንቤዝ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ኢተሪየም ላይ በስህተት የገቡ ብዙ ቶክኖችን ያወጣል፣ ከ100 ዶላር በላይ በሆነው ላይ 5 በመቶ ይወስዳል። መጠኑ ትንሽ ከሆነ ወይም ኔትወርኩን ጨርሶ ካልያዙት እምቢ የሚሉ አሉ። እሱን መቀበል ነው።

የቶክኑ የራሱ ኮንትራት፣ ማለትም ቶክኑን የሚያስኬደው ፕሮግራም አድራሻ ላይ ከላካችሁ፣ ማለትም የዩኤስዲቲን አድራሻ ፈልጋችሁ ዩኤስዲቲን ወደ ራሱ ወደ ዩኤስዲቲ ከላካችሁ፣ ኮንትራቱ ማውጫ በር ካልተሠራለት ማንም አያወጣውም። ዜሮ ብቻ የተደረደሩበት አድራሻ ላይም እንደዚያው። ዩኤስዲቲን የሚያወጣው ቴዘር ድርጅት ራሱ አድራሻ የማገድ አቅም አለው፣ ያንን የሚያደርገው ግን በአብዛኛው የሕግ አካላት ሲጠይቁት ነው፣ ለሁላችን ስህተት የሚቆም አይደለም። ይህንን የምለው ተስፋ ላስቆርጣችሁ ብዬ አይደለም። ያለቀውን አልቋል ማለት ካልቻላችሁ የሚቀጥለው ሰው ይበላችኋል።

እሱን ልንገራችሁ። "ገንዘቤ ጠፋ" ብላችሁ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ በጻፋችሁ በደቂቃዎች ውስጥ ኢንቦክስ ይመጣል። "እኔ አድሚን ነኝ። እናስመልስልሃለን።" ፎቶው የግሩፑ ነው፣ አነጋገሩ ትሁት ነው። መጀመሪያ ትንሽ "የማስከፈቻ" ይጠይቃል፣ ወይም ዋሌትህን እናገናኘው ብሎ 12ቱን ቃላት ያስጽፋችኋል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏል ይህ ነው። የአሜሪካው ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በ2023 ስለእነዚሁ አስመላሽ ነን ባዮች ለሕዝቡ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ለምን እንደሚዋሹ አሁን እናንተም ታውቃላችሁ። ቁልፉ እነሱ ጋ የለም። ቁልፉ የሌለው ሰው በዓለም ላይ ያለ ማንኛውንም ኮምፒውተር ቢያመጣ አያወጣውም። ደንግጣችሁ ባላችሁበት ሰዓት ማንንም አታናግሩ፣ ውኃ ጠጡ፣ እናታችሁ ጋ ደውሉ፣ ሃሹን አስቀምጡና ነገ ጠዋት ክፈቱት። የሄደው አይጨምርም አይቀንስም።

ንግግሬን እዚህ ላይ ነበር የጨረስኩት። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንድ ወጣት ተነሳና የሁሉንም ጆሮ የሳበ ጥያቄ ጠየቀ። "የኔ ተቃራኒው ነው። የማላውቀው ሰው ገንዘብ ወደኔ አድራሻ ገብቷል። ልመልስ እፈልጋለሁ። መጣበት ወደተባለው አድራሻ ብመልሰው ችግር አለው?"

አለው፣ አልኩት። መጀመሪያ እውነተኛ ገንዘብ መሆኑን እይ። ዩኤስዲቲ የሚል ስም ያለው ቶክን ማንም መፍጠር ይችላል። "በስህተት ላክሁልህ፣ መልስልኝ" ብለው የውሸቱን ልከው እውነተኛውን የሚቀበሉ አሉ። ኮንትራቱን ትሮንስካን ላይ አመሳክረው። እውነተኛ ከሆነ ደግሞ፣ ሰውየው ከኤክስቼንጅ ልኮት ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ያ አድራሻ የሱ አይደለም፣ ኤክስቼንጁ ለሁሉም ደንበኛ የሚከፍልበት ትልቅ ቋት ነው። ወደዚያ ከመለስከው የማን እንደሆነ ማንም አያውቅም፣ አንተም አዝነህ እሱም ያጣዋል። ላኪው እስኪመጣ ጠብቅ። ሲመጣ ሃሹን ብቻ አትቀበለው፣ ሃሽ ማንም ያየዋል። ከኤክስቼንጁ የወጣበትን ገጽ ስክሪኑን ቀርጾ ያሳይህ። ከዚያ የሚቀበልበትን አድራሻ ከነኔትወርኩ፣ ሜሞ ካለውም ከነሜሞው ጠይቀው። መጀመሪያ አንድ ዶላር ላክለት፣ ደረሰኝ ሲልህ የቀረውን።

ከስብሰባው በኋላ ሁለታችን ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ከፈትነው። 85 ዩኤስዲቲ፣ እውነተኛ፣ ከአንድ ኤክስቼንጅ ቋት የወጣ። ከገባ ሁለት ወሩ ነው። ላኪው እስካሁን አልመጣም፣ ልጁም አልነካውም።